በአጋዘን አገር ሞተር መንዳት፦ ከዋሽንግተን ዙሪያ ወደ ስካይላይን ድራይቭ ለሚወጡ ሞተረኞች ዝርዝር መመሪያ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የምንኖር ሞተረኞች ዕድለኞች ነን። ከአሌክሳንድሪያ ወይም ከሲልቨር ስፕሪንግ ጠዋት ተነስቶ፣ መንገድ ላይ ቁርስ ቀማምሶ፣ ከምሳ በፊት የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተራራ አናት ላይ፣ ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው መንገድ መገኘት ይቻላል። ችግሩ ለሞተር የሚጥም መንገድ ለአጋዘንም መጣሙ ነው። ጫካው፣ ጅረቱ፣ የበቆሎ ማሳው፣ መኪና የማይበዛበት ኩርባ፣ ሁሉም የእሱ ሰፈር ነው።

የቨርጂኒያ የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት በግዛቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ አጋዘን እንዳለ ይገምታል። ስቴት ፋርም የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ በየዓመቱ ከእንስሳ ጋር የመጋጨት ዕድል የሰፋባቸውን ግዛቶች ዝርዝር ያወጣል። ጎረቤታችን ዌስት ቨርጂኒያ እዚያ ዝርዝር ላይ ለብዙ ዓመታት አንደኛ ሆና ቆይታለች። ባለመኪና አጋዘን ሲመታ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ኮፈኑና መብራቱ ነው። ሞተረኛው ግን በሰውነቱ ነው የሚመታው። ከዚያ ደግሞ አስፋልቱ ይጠብቀዋል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው «አጋዘን ፊቴ ዘው ቢልብኝ ምን ላድርግ?» ብሎ ነው። መልሱን ከታች በዝርዝር ጽፌዋለሁ። ነገር ግን አጋዘኑ በዘለለበት ቅጽበት አብዛኛው ነገር አስቀድሞ ተወስኗል። የወሰነው ከዚያ በፊት የያዛችሁት ፍጥነት ነው። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ሰፊው ክፍል አጋዘኑ ከመታየቱ በፊት ስለሚሠራው ሥራ ነው።

አንደኛ፦ የእንስሳውን ጠባይ እወቁ

እዚህ አካባቢ የምናየው ነጭ ጅራት የሚባለው የአጋዘን ዝርያ ነው። ሴቷ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 70 ኪሎ ትመዝናለች። ያደገ ወንድ ከ100 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ ከ2 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አጥርም ይዘላል። ይህን ወደ መንገዱ አምጥታችሁ አስሉት። ከአስፋልቱ 10 ሜትር ርቆ ቁጥቋጦ ውስጥ ያለ አጋዘን በሙሉ ፍጥነቱ ከመጣ፣ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ፊታችሁ ነው።

አገር ቤት የነዳ ሰው ከብትና አህያ ለምዷል። ላም መንገድ ላይ ስትቆም ክላክስ ታደርጋለህ፣ ትንሽ ትጠብቃለህ፣ በጎን ታልፋለህ። ያ ልማድ እዚህ አይሠራም። አጋዘን የዱር እንስሳ ነው፤ ሲደነግጥ ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ ፍዝዝ ብሎ ይቆማል፣ ወይ ፈትለክ ይላል። ወዴት ፈትለክ እንደሚል ራሱም የሚያውቅ አይመስልም። መንገዱን ግማሽ አቋርጦ ወደ መጣበት የሚመለስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዓይኑ የተሠራው ለድንግዝግዝ ብርሃን ነው። በጨለማ የሞተር መብራት ሲያርፍበት ይታወራል፤ ለዚህ ነው ደርቆ የሚቆመው። ቀይና ብርቱካናማ ቀለም በደንብ አይለይም። ብርቱካናማ ሰደሪያ መልበሳችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ለመኪና ሾፌር እንጂ ለአጋዘን ብላችሁ አትቁጠሩት።

አንድ ነገር ደግሞ በደንብ ያዙ። አጋዘን ብቻውን አይደለም። ሴቷ ከግልገሎቿና ካለፈው ዓመት ልጇ ጋር ትሄዳለች፤ መንገድም የሚሻገሩት በሰልፍ ነው። እናቲቱ ተሻግራ ስታበቃ ወደ ኋላ የቀረው ግልገል ይደነግጥና እሷን ለመድረስ በሩጫ ይወጣል። ሞተረኛው «አለፈች» ብሎ ነዳጅ የሚሰጠው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ለእኔ ከአጋዘን ጠባይ ሁሉ አደገኛው ይህ ነው።

ሁለተኛ፦ ወቅቱንና ሰዓቱን አስሉ

ዋናው የአደጋ ወቅት ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ነው። በእኛ ቀን መቁጠሪያ ከጥቅምት መግቢያ አንስቶ ኅዳር እስኪያልቅ በሉት። የመራቢያ ወቅታቸው ነው። ከፍተኛው ጫፍ ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ይውላል፣ ወደ ኅዳር ሚካኤል ሲጠጋ። ወንዱ አፍንጫውን መሬት ላይ ተክሎ የሴቷን ጠረን ይከተላል፤ ሴቷ ትሸሻለች። ሁለቱም መንገድና መኪና ትዝ አይላቸውም። በዚያው ሰሞን በቆሎው ይታጨዳል፣ መደበቂያቸው ይጠፋል። የጠመንጃ አደንም ይጀመራልና አዳኝ ያስበረገገው አጋዘን በጠራራ ፀሐይም ይወጣል።

በዚህ ላይ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። በዋሽንግተን ፀሐይ በአሜሪካ ሰዓት 5 ገደማ መጥለቅ ትጀምራለች። ከሥራ ወጥታችሁ ወደ ቤት የምትነዱበት ሰዓትና አጋዘን ከጫካ የሚወጣበት ሰዓት ይገጥማል። ሞተርን ለሥራ መመላለሻ የምትጠቀሙ ሰዎች ይህን ቀን ካላንደራችሁ ላይ አስፍሩት። ከዚያ ቀን በኋላ ላሉት ጥቂት ሳምንታት፣ አማራጭ መኪና ካለ ማታ ማታ መኪናውን ውሰዱ። ይህን የምለው ሞተር ጠልቼ አይደለም።

ሁለተኛው ወቅት ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው፤ ሜይ መጨረሻና ጁን። እናቶች አዲስ ግልገል ይወልዱና የአምናውን ልጅ ያባርሩታል። መንገድ የማያውቅ ወጣት አጋዘን ብቻውን ሲባዝን ይከርማል።

ከቀኑ ውስጥ ደግሞ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ያሉት ሁለት ሰዓቶች ክፉ ናቸው። የእሑድ ጉዟችሁን ስታቅዱ መነሻችሁን ብቻ አትዩ፤ መመለሻችሁንም ቁጠሩ። የኖቬምበር ጉዞ ተራራው ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ በማየት ከተጠናቀቀ፣ ወደ ቤት የምትመለሱት በመጥፎው ሰዓት ነው። ፎቶው ይቅርና ቢያንስ ፀሐይ ከመጥለቋ ሁለት ሰዓት በፊት ከተራራው ውረዱ።

ሦስተኛ፦ መንገዱን አንብቡ

ስካይላይን ድራይቭ 105 ማይል ርዝመት አለው፤ የፍጥነት ገደቡ 35 ማይል ነው። ብዙ ሞተረኛ ይህ ገደብ ያበሳጨዋል። እኔ ግን ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን ቁጥሮቹ ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ። ማይል 51 አካባቢ ቢግ ሜዶውስ የሚባል ሰፊ ሜዳ አለ። አጋዘኖች እዚያ ሰው ለምደው፣ ከመንገዱ ዳር ሣር ሲግጡ ይታያሉ። ሰው መልመዳቸው ግን መንገድ መልመድ አይደለም። በአደን ወቅት ደግሞ የመንገዱ ከፊል ማታ ማታ ይዘጋል፤ ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ማስታወቂያ ተመልከቱ።

ከስካይላይን ውጭ ያሉትም ቀላል አይደሉም። ከዋረንተን ወደ ሉሬይ የሚወስደው 211፣ ከሊስበርግ ወደ ፍሬድሪክ የሚሄደው 15፣ ከፖቶማክ አልፎ የሚቀጥለው ሪቨር ሮድ፣ ሁሉም በጫካና በማሳ መካከል ያልፋሉ። ከተማ ውስጥ ነኝ ብላችሁም አትዘናጉ። ዲሲ ውስጥ ሮክ ክሪክ ፓርክ፣ ወንዙን ተከትሎ ደግሞ ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ አጋዘን አላቸው።

ካርታ ላይ ያልተጻፈውን መንገዱ ራሱ ይነግራችኋል። እነዚህን ስታዩ እጃችሁ ነዳጁን ይቀንስ፦

- ቢጫ የአጋዘን ምልክት። የሚተከለው በብዛት በሚሻገሩበት ቦታ ነው፤ ለጌጥ አይደለም።
- ጫካ አልቆ ማሳ ወይም ሜዳ የሚጀምርበት ጠርዝ። አጋዘን የሚያድረው ጫካ ውስጥ፣ የሚበላው ሜዳ ላይ ነው። መንገዱ በሁለቱ መካከል ካለፈ መሻገሪያቸው ላይ ናችሁ።
- ትንሽ ድልድይና ጅረት። የጅረቱን ሸለቆ እንደ መንገድ ይጠቀሙበታል።
- ዳር ላይ የወደቀ የሞተ አጋዘን፣ ወይም አስፋልቱ ላይ የደረቀ ደምና የፍሬን ጥቁር መስመር። እዚያ የተሻገረ አጋዘን ነበር፤ ሌሎቹም እዚያው ናቸው።
- ከፊት ያለ መኪና ያለ ምክንያት ፍሬን ሲይዝ። ምክንያቱን እናንተ አላያችሁትም ማለት ነው።

አራተኛ፦ ሞተሩንና ራሳችሁን አዘጋጁ

የጎማ ንፋስ ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይለካ። ቅዝቃዜ ንፋሱን ይቀንሰዋል፤ ሙቀቱ በ10 ፋራናይት በወረደ ቁጥር አንድ ፒኤስአይ ያህል ይጎድላል። በሴፕቴምበር የተሞላ ጎማ በኖቬምበር ጠዋት ጎዶሎ ነው። ጎዶሎ ጎማና እርጥብ ቅጠል የለበሰ አስፋልት አንድ ላይ ሲሆኑ ፍሬን የሚይዝ ነገር አይኖርም።

አዲስ ሞተር ልትገዙ ከሆነ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ መሣሪያ) ያለውን ግዙ። አሜሪካ ውስጥ ሕጉ አያስገድድም፤ ስለዚህ አንዱ ሞዴል ኤቢኤስ ያለውም የሌለውም ሆኖ ሊሸጥ ይችላል። ሻጩ «ያለ ኤቢኤስ ርካሽ ነው» ቢላችሁ አትስሙት። አይአይኤችኤስ የተባለው የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ተቋም ኤቢኤስ ያላቸው ሞተሮች ከሌላቸው ጋር ሲነጻጸሩ የሞት አደጋቸው በ22 በመቶ ያነሰ መሆኑን አግኝቷል። አጋዘን ሲዘልባችሁ እጃችሁ በድንጋጤ ይጨመድዳል። በዚያች ሰከንድ የፊት ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው እሱ ነው።

መብራቱን ግድግዳ ላይ አብርታችሁ አስተካክሉ። ከኋላ ሰው ወይም ከባድ ሻንጣ ሲጫን የሞተሩ ጭራ ይወርዳል፣ መብራቱ ደግሞ ወደ ሰማይ ያያል። ስለዚህ የምታስተካክሉት ጭነቱ ባለበት ይሁን። ተጨማሪ መብራት ከገጠማችሁ የመንገዱን ዳርና ዳር የሚያሰፋውን ምረጡ፤ አጋዘኑ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ልብስን በተመለከተ አጭር ልሁን። ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት፣ ጀርባና ትከሻ ላይ መከላከያ ያለው ጃኬት፣ ቁርጭምጭሚት የሚያልፍ ቡት፣ ጓንት። ፔንሲልቬንያ ዕድሜው ከ21 በላይ ለሆነና ልምድ ላለው ሰው ያለ ሄልሜት መንዳትን ትፈቅዳለች። ሕጉ ስለፈቀደ አታውልቁት። አቅም ካለ ከሞተሩ ላይ ስትወረወሩ የሚነፋውን የኤርባግ ሰደሪያ ግዙ። አጋዘን የመታ ሞተረኛ በብዛት የሚጎዳው በመወርወሩ ነውና ለዚህ አደጋ በልኩ የተሠራ ነው። የሄልሜታችሁ መስታወት ጥቁር ከሆነ ደግሞ ነጩን በቦርሳ ያዙ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ቆሞ መቀየር ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ በጥቁር መስታወት በድንግዝግዝ መንዳት ግን ዓይንን ጨፍኖ እንደመሄድ ነው።

የአጋዘን ፉጨት እየተባለ የሚሸጥ ትንሽ ፕላስቲክ አለ፤ ሞተሩ ላይ ይለጠፋል፣ ንፋስ ሲመታው ይጮኻል ይባላል። ገንዘባችሁን አታባክኑ። የተመራመሩበት ሰዎች አጋዘን ሲሸሽ አላዩም። የጭስ ማውጫውን ማስጮህም መፍትሔ አይደለም። ትልቁ ጉዳቱ ሰው ተማምኖባቸው ፍጥነት መጨመሩ ነው።

አምስተኛ፦ ፍጥነታችሁን በመብራታችሁ ለኩ

ይህ የመመሪያው እምብርት ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ደረቅ አስፋልት፣ ጥሩ ጎማ፣ ፍሬን መያዝ የሚችል ሞተረኛ እንውሰድ። አይቶ፣ ገብቶት፣ ፍሬኑን እስኪጨብጥ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል እንበል። በ60 ማይል ሲነዳ በዚያች ሰከንድ ተኩል ብቻ 40 ሜትር ይጓዛል። ፍሬን ይዞ ለመቆም ሌላ 46 ሜትር ያስፈልገዋል። በድምሩ 86 ሜትር። በ45 ማይል ከሆነ 56 ሜትር ይበቃዋል። በ35 ማይል ደግሞ 39 ሜትር።

አጭሩ መብራት በደንብ የሚያሳየው ከ50 እስከ 60 ሜትር ገደማ ነው። አሁን አጋዘኑን 56 ሜትር ላይ አቁሙት። በ45 ማይል የሚነዳው ሰው አፍንጫው ስር ይቆማል። በ60 የሚነዳውስ? ሲደርስበት ፍጥነቱ ገና 48 ማይል አካባቢ ነው። በመነሻው የ15 ማይል ልዩነት ነበራቸው። አንዱ ቆሞ አጋዘኑን ያያል፤ ሌላው በ48 ማይል ይመታዋል። የስካይላይን 35 ማይልም ከዚህ ስሌት ጋር ሲታይ መጠባበቂያ ያለው ፍጥነት ነው። ኩርባው እይታችሁን ሲቆርጠው መጠባበቂያውን ትፈልጉታላችሁ።

ስለዚህ ማታና ጎህ ላይ ልማዱ እንዲህ ይሁን። ከፊት የሚመጣ መኪና ከሌለ ረጅሙን መብራት አብሩ። የሚመጣ ካለ ከ500 ጫማ፣ ማለትም ከ150 ሜትር በላይ ሳይቀርብ ወደ አጭሩ መልሱ። አጭሩ ላይ በቆያችሁበት ጊዜ ሁሉ ፍጥነቱም ይውረድ። መብራት ቀንሶ ፍጥነት አለመቀነስ የብዙ ሰው ስህተት ነው።

ሁለት ጣት የፊት ፍሬኑ ላይ ይረፍ፤ የቀኝ እግር ጫማ ደግሞ የኋላው ፍሬን አጠገብ። እንዲህ መዘጋጀት ከዚያች ሰከንድ ተኩል ላይ ይቀንሳል፤ በ45 ማይል እያንዳንዱ ግማሽ ሰከንድ 10 ሜትር ነው። መንገዱ ላይ ያላችሁን ቦታም ምረጡ። ባለሁለት መስመር መንገድ ላይ፣ ከፊት የሚመጣ ከሌለ፣ ከጥሻው ራቅ ብላችሁ ወደ መሀሉ ጠጋ በሉ። መስመሩ ብዙ ከሆነ የቀኝ ዳሩን ተዉት።

መኪና ከፊት ካለ አራት ሰከንድ ያህል ርቀት ትታችሁ ተከተሉት። መብራቱ መንገዱን ያሳያችኋል፤ አጋዘን ካለም ቀድሞ እሱን ያገኘዋል። ግን አትጠጉት።

ስድስተኛ፦ ዓይን

ቀን ላይ አጋዘን ፈልጎ ማየት ከባድ ነው። ቀለሙ ከደረቀ ሣርና ከዛፍ ግንድ አይለይም። ሙሉ አጋዘን አትፈልጉ፤ ቁራጩን ፈልጉ። የሚንቀሳቀስ ጆሮ። በቆሙ ዛፎች መካከል አግድም የሆነ መስመር፤ ያ ጀርባው ነው። ድንገት ብልጭ የሚል ነጭ፤ ያ ጅራቱ ነው። ጅራቱን ካነሳ ደንግጧል፣ ሊሮጥ ነው።

ማታ ላይ የምታዩት ዓይኑን ነው። በመብራታችሁ ጫፍ ላይ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ጥንድ አረንጓዴ ነጭ ብልጭታ። የመንገድ ዳር አንጸባራቂ ምሰሶም ያበራል፤ ልዩነቱ ምሰሶው በእኩል ርቀት የተደረደረ፣ አንድ ቦታ የማይነቃነቅ መሆኑ ነው። ብልጭታው ድርግም ካለ ወይም ከተንቀሳቀሰ ዓይን ነው። እርግጠኛ ካልሆናችሁ አጋዘን ነው ብላችሁ ቀንሱ። ምሰሶ ሆኖ ቢገኝ የከሰራችሁት ጥቂት ሰከንድ ነው።

ሰባተኛ፦ አጋዘን ስታዩ

ሩቅ ሆኖ ካያችሁት ሥራው ቀላል ነው። ነዳጁን ተዉ፣ ፍሬኑን ቀስ ብላችሁ ያዙ፣ የፍሬኑ መብራት ከኋላ ያለውን እንዲያስጠነቅቅ ደጋግማችሁ ነካ ነካ አድርጉት። ክላክስ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ከሠራ ጥሩ፣ ግን አትመኩበት። መንገድ ላይ ከቆመ እናንተም ቁሙ። በጎኑ ሾልኬ ልለፍ አትበሉ። ከሄደ በኋላም ወዲያው አትነሱ። ዓይናችሁን እሱ ወደሄደበት ሳይሆን ወደመጣበት መልሱ፤ ሁለተኛው የሚወጣው ከዚያ ነው።

ቅርብ ከሆነ የምትሠሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀጥ ብላችሁ ፍሬን መያዝ። ሞተሩን ቀጥ አድርጉ፣ ሁለቱንም ፍሬን ያዙ፣ የፊቱን እየጨመራችሁ ጨብጡ። ዓይናችሁ አጋዘኑ ላይ አይተከል፤ ባዶውን መንገድ እዩ፣ ሞተር ዓይን ወዳየበት ይሄዳልና። ወደ ጎን ለማምለጥ አትሞክሩ። ጎማ አስፋልቱን የመያዝ አቅሙ ውስን ነው፤ ለመታጠፍ ካዋላችሁት ለፍሬን አይቀርም። አጋዘኑም እናንተ ወደታጠፋችሁበት ሊዘል ይችላል። ያኔ ከእሱም ከዛፉም፣ ይባስ ብሎ ከፊት ከሚመጣው መኪና ጋር ትገናኛላችሁ። ኩርባ ውስጥ ተጋድማችሁ ከሆነ መጀመሪያ ሞተሩን ቀና አድርጉ፣ ከዚያ አጥብቃችሁ ያዙ።

መምታቱ የማይቀር ከሆነስ? እስከ መጨረሻው ፍጥነት ቀንሱ። የምትቀንሷት እያንዳንዷ ማይል ዋጋ አላት፤ ከ60 ወደ 45 የወረደ ሰው የግጭቱን ኃይል ወደ ግማሽ ገደማ አውርዶታል። ልክ ከመንካታችሁ በፊት ፍሬኑን ለቀቅ አድርጉ ብለው የሚመክሩ አሰልጣኞች አሉ፤ የፊቱ አሞርዛተር ከተጫነበት ይነሳና ሞተሩ ሚዛኑን የመጠበቅ ዕድል ያገኛል። በጉልበታችሁ የነዳጅ ታንከሩን ጨምቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ከአጋዘኑ ባሻገር እዩ። ሞተሩን ሆን ብሎ አስተኝቶ መንሸራተት የሚባለውን የድሮ ምክር እርሱት። ብረትና ፕላስቲክ አስፋልት ላይ ይንሸራተታል እንጂ ጎማ የሚቆመውን ያህል አይቆምም።

ይህን ሁሉ በዕለቱ አታስቡትም። እጅ መልመድ አለበት። እሑድ ጠዋት ባዶ የሆነ ፓርኪንግ ፈልጉ፤ አሸዋና ዘይት እንደሌለው በእግራችሁ ዞራችሁ እዩ። በ20 ማይል ጀምሩ። ምልክት ያደረጋችሁበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ነዳጁን ዝጉ፣ ፍሪሲዮኑን ጨብጡ፣ ሁለቱንም ፍሬን ያዙ። የፊቱን ፍሬን መጀመሪያ በልስልሱ ነካ ስታደርጉት የሞተሩ አፍንጫ ዝቅ ይላል፤ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ መጣ ማለት ነው። አሁን አጥብቃችሁ ጨብጡ። ጎማው የሚይዘው ክብደት ሲያርፍበት ነውና ገና ከመነሻው ከጨመደዳችሁት ይንሸራተታል። ቆማችሁ እግር ስታወርዱ ማርሹ አንደኛ ላይ መሆን አለበት፤ ከኋላ መኪና ቢመጣ ቶሎ መነሳት ያስፈልጋችኋል። ከዚያ 25፣ ከዚያ 30። ኤቢኤስ ካላችሁ ሲነዝር የእጃችሁ መዳፍ ይወቀው፤ ሲነዝር የሚለቅ ሰው ብዙ ነው። ክረምቱ አልፎ ሞተሩን ባወጣችሁ ቁጥር ልምምዱን ድገሙት። አስተማሪ የሚፈልግ ሰው የሞተርሳይክል ሴፍቲ ፋውንዴሽን ኮርስ ይውሰድ፤ በቨርጂኒያም በሜሪላንድም ይሰጣል።

በቡድን ስትነዱ

በቡድን መንዳት ደስ ይላል፤ የአጋዘን መንገድ ላይ ግን መጠጋጋት ክፉ ነው። አንዱ ሲመታ ከኋላው ያለው ጓደኛው ላይ ይወጣል። ቀን ቀን የለመዳችሁትን ርቀት ጫካ ስትገቡ አስፉት፤ ኩርባ ላይ በአንድ ሰልፍ ሁኑ። መሪው አጋዘን ሲያይ በእጁ ምልክት ይስጥ፣ ፍሬኑንም ነካ ነካ ያድርግ። ከኋላ ሰው የጫነ ከመነሳቱ በፊት «ድንገት ፍሬን ልይዝ እችላለሁ፣ ወገቤን ይዘሽ ወደ ፊት አትደገፊብኝ» ብሎ ይንገራት። ቀርፋፋ የሚነዳው ጓደኛ ወደ ኋላ እንዳይቀር ብሎ ከአቅሙ በላይ እንዳይነዳ መሪው ፍጥነቱን በእሱ ይለካ።

ከተጋጫችሁ በኋላ

መጀመሪያ ከመንገዱ ውጡ፤ ሁለተኛው አደጋ የሚመጣው ከኋላ ባለ መኪና ነው። 911 ደውሉ። ተራራው ላይ ኔትወርክ ብዙ ቦታ የለም። አይፎን 14 እና ከዚያ በኋላ የወጡት በሳተላይት የአደጋ ጥሪ ይልካሉ፣ ግጭትም ይለያሉ፤ ከመነሳታችሁ በፊት አገልግሎቱ መከፈቱን እወቁ፣ የአደጋ ጊዜ ተጠሪም መዝግቡ። የወደቀ ጓደኛችሁ ሲተነፍስ ካያችሁ ሄልሜቱን አታውልቁ፣ አታንቀሳቅሱት፤ አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። «ደህና ነኝ» ብሎ ብድግ ቢልም እንዲቀመጥ አድርጉት። የድንጋጤው ኃይል ለጊዜው ሕመም ይደብቃል።

የቆሰለውን አጋዘን አትጠጉት። ያሳዝናል፣ ግን ሰኮናውና ቀንዱ ሰው ይጎዳል። ለፖሊስ ንገሩና እነሱ ያስተናግዱት።

የኢንሹራንሱን ነገር ብዙ ሐበሻ የሚያውቀው ከተጎዳ በኋላ ነውና አሁኑኑ ፖሊሲያችሁን አውጥታችሁ እዩ። ላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት የሚከፍለውን) ብቻ ከገዛችሁ የራሳችሁን ሞተር አይከፍልም። አጋዘን የመታ ሞተር የሚከፈለው ኮምፕሪሄንሲቭ በሚባለው ነው። አጋዘኑን ሳትነኩ ሸሽታችሁ ዛፍ ከመታችሁ ግን ጉዳዩ ኮሊዥን (የግጭት ሽፋን) ይሆናል፤ ከኪሳችሁ የምትከፍሉት ድርሻም (ዲዳክቲብል) ሊለያይ ይችላል። ስለዚህ ከአጋዘን ጋር መገናኘታችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ያዙ። አጋዘኑን፣ መንገዱን፣ በተለይ ሞተሩ ላይ የተጣበቀውን ፀጉርና ደም ፎቶ አንሱ፤ ከመታጠቡ በፊት። የፖሊስ ሪፖርት ቁጥሩን ጠይቁ። የሕክምና ወጪውንም ለብቻ አጣሩ፤ መኪና ላይ የሚሠራው የሕክምና ሽፋን ሞተር ላይ ላይሠራ ይችላል።

ሞተሩ ቢነሳም ነድታችሁ አትመለሱ። የፊት አሞርዛተሩ በዓይን የማይታይ ጠምዛዛ ሊሆን ይችላል፤ ጎማው፣ የፍሬን ቱቦው፣ ራዲያተሩም እንዲሁ። ለመካኒክ ስትሰጡት «ወድቋል» ብቻ አትበሉ፤ ከፊት አጋዘን መምታቱንና በስንት ፍጥነት እንደነበር ንገሩት፣ ምን መፍታትና መለካት እንዳለበት የሚያውቀው ከዚያ ነው። እስከዚያው ሞተሩ በጭነት መኪና ይሂድ።